ጭሱ ደጅ የወጣባት ደብሊን

ደብሊን፣ ቴምፕል ባር የደረስነው አመሻሹ ላይ ነው። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በማርች 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ በተዘጉ የሥራ ቦታዎች ሁሉ ማጨስን ስትከለክል ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ነበረች። አስም ያለባትን ልጃችንን ይዘን አንዱ ቤት ገባን። ሙዚቃው ደምቋል፤ አየሩ ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ የበግ ሾርባው ሽታ እንኳ ይለያል።

ችግሩ በሩ ላይ ነው። አጫሾቹ ጠባቡን የእግረኛ መንገድ ሞልተውታል፤ ሲጋራ የያዘው እጃቸው ደግሞ የሚወርደው በልጃችን ፊት ትክክል ነው። (ጨዋታቸው ግን ደስ ይላል፤ ካፊያው አጠጋግቶ ያላምዳቸዋል።) ስንወጣ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፈነች፤ እኔም የአስም መድኃኒቷን ከቦርሳዬ ዳሰስኩ። አንዱ አይቷት ሲጋራውን ከጀርባው ደበቀና መንገድ ለቀቀልን።