የደንገጎ ዳገትና የቆሙት ሦስት መኪኖች

ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የምድር ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሞተር ፈትቶ መግጠም የባቡሩ ወርክሾፕ ለብዙ ልጆቿ ያወረሰው ሙያ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመካከላቸው ያለው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የደንገጎን ዳገት እየተጠማዘዘ ይወጣል። ጭነት የበዛበት መኪና ውኃው የሚፈላው እዚህ ነው። ቁልቁል ሲወርድም በከባድ ማርሽ ካልተያዘ ፍሬኑ ይግላል።

አጎቴ የሚኖረው ድሬዳዋ ነው። አሥራ አንድ ነፍስ ያለበት ቤቱ የሚተዳደረው በሦስት መኪኖች ነው፤ በአሮጌ ፔዦ 404 ታክሲ፣ ከሐረማያ አካባቢ አትክልት በምታመላልስ ፒክአፕና በታላቅ ልጁ ባጃጅ። በ2016 ዓ.ም. የእህቱ ልጅ ኒካሕ ሐረር ላይ ሊታሰር አምስት ቀን ሲቀረው ሦስቱም ቆሙ።

ጎረቤት «ዓይን ነው» አለ። መካኒኩ ግን ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዳን። መጀመሪያ ፔዦዋ ፍሪሲዮኗ አልቆ ቆመች። ሥራዋ ወደ ፒክአፗ ዞረ፤ ቀን አትክልት፣ ማታ ሰው። ፒክአፗ ያለ ዕረፍት ደንገጎን ስትመላለስ ሞተሯ ጋለና ጋስኬቷ ተቃጠለ። ከዚያ የቤቱ ሸክም ሁሉ በባጃጇ ላይ ወደቀ። ለሦስት ተሳፋሪ በተሠራችው ላይ አምስትና ስድስት ሲጫን የኋላ ኩሽኔታዋ ተሰበረ። ለካስ የአንዱ ሸክም ነው ሌላውን የጣለው!

አጎቴ ለሰርጉ ክብር ተበድረን ፔዦዋን እናስነሳ አለ። ባለቤቱ ደብተር አወጣችና፣ «በትንሽ ወጪ የሚነሳው የትኛው ነው? በየቀኑ ገቢ የሚያመጣውስ?» ብላ ጠየቀች። የሁለቱም መልስ ባጃጅ ሆነ። «ሙሽራዋ የምትናፍቀው እኛን ነው፤ መኪናችንን ምን ልታደርገው!» ስትለው አጎቴም ሳቀና ተስማማ።

ባጃጇ በማግስቱ ተነሳች፤ ከሦስት ሰው በላይም እንዳትጭን ተወሰነ። ኒካሑ ላይ በሕዝብ ሚኒባስ ደረስን፣ አልሐምዱሊላህ። የፒክአፗ ጋስኬት ከባጃጇ ገቢ ተገዛ፤ ፔዦዋ ሁለት ወር ጠብቃ ያለ ዕዳ ተሠራች።

ውድ አንባቢያን፣ ከቤታችሁ አንዱ መኪና ሲቆም የእርሱን ሥራ በሙሉ ለቀሪው አታሸክሙት፤ ከሥራው ጥቂት ቀንሱ። ከየቀኑ ገቢ ላይ ለጥገና የሚሆን ትንሽ አስቀምጡ። ደንገጎ ላይ የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ የራዲያተሩንም ክዳን ሳይቀዘቅዝ አትክፈቱ። አጎቴ ዛሬም በዚያ ዳገት አጋማሽ ላይ ቆሞ ሞተሩን ያሳርፋል። ተሳፋሪ ሲያጉረመርም፣ «ልጆቼ፣ አሥር ደቂቃ ታገሡኝ፤ ኢንሻአላህ አብረን እንገባለን» ይላል።