የደረት ኪስና የብዕር ቦርሳ

አገር ቤት «ለብዕርህ ቦርሳ ግዛ» ብትሉት የሚስቅባችሁ ሰው አይጠፋም። የብዕር ቦታ የታወቀ ነዋ! የኮት የደረት ኪስ፤ ኮት ከሌለ የሸሚዝ። በልጅነቴ የማውቃቸው መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሰዎች ፓርከራቸውን የሚሰኩት ሰው እንዲያየው ጭምር ነበር። ቀስት የሚመስለው ወርቅማ መሰኪያ ከኪሱ ጫፍ ብልጭ ካለ ሰውየው ፊርማ ያለው ሰው ነው። ሁለት ከሰካ ደግሞ አንዱ ቀይ ነው፤ ቀዩን የማይፈራ ተማሪ አልነበረም። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጥላ ዘርግተው የሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች እንኳ በቢክ ይጻፉ እንጂ የሚሰኩት እዚያው ነው።

ከፓርከር በፊትም ቢሆን ለብዕር ብዙ የተጨነቀ አልነበረም። ቁም ጸሐፊው የጻፈው መጽሐፍ ከቆዳ የተሰፋ፣ በማንገቻ የሚንጠለጠል ማኅደር ይበጅለታል። መቃ ብዕሩ ግን ሲደንዝ በቢላ ይቀረጻል፤ ሲያልቅ ሌላ ይቆረጣል። ክብሩ ለመጽሐፉ ነው።

እዚህ አሜሪካ ነገሩ ተገልብጧል። በየዓመቱ ኦገስት ላይ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቻችን ብዙም ሳይርቅ፣ ትልቅ የብዕር ትርኢት ይካሄዳል። ሰዉ ቲሸርት ለብሶ ይመጣና ከጀርባ ቦርሳው ባለዚፕ የቆዳ መያዣ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል። አሥራ ሁለት፣ ሃያ አራት፣ አርባ ስምንት ብዕር የሚይዝ አለ። በጨርቅ ተሰፍቶ የሚጠቀለልም አለ። አንዱን ጥቅልል አገር ቤት ይዤ ሄጄ ስፈታው አጎቴ አፍጥጠው ካዩት በኋላ «አንተ ልጅ፣ ይኼ ዝናር ነው ወይስ ምንድን ነው?» አሉኝ። እውነትም ዝናር ነው የሚመስለው።

እኔ ግን ፍርዴን ልንገራችሁ፦ ለአንድ ብዕር ከደረት ኪስ የተሻለ መያዣ አልተሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኪስ ውስጥ ብዕሩ ምላሱን ወደ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀለሙ ወደ ታች ይሰበሰባል፤ ክዳኑ ውስጥ የሚዝረከረክ ነገር የለም። ውድ የሚባሉት መያዣዎች ብዙዎቹ ይህችን ቀላል ነገር አያሟሉም። ቦርሳ ውስጥ በጎናቸው ይጋደማሉ፤ ባለቤቱ ሲራመድ ብዕሮቹም ሲናጡ ይውላሉ፤ ቢሮ ደርሶ ክዳኑን ሲከፍት ጣቱ ሰማያዊ ነው።

የኪሱ ችግር ሌላ ነው። ጎንበስ ሲሉ ብዕሩ ይወድቃል፣ ግፊያ ውስጥ ኪስ አውላቂ ይወስደዋል፣ ዛሬ ደግሞ የምንለብሰው ሹራብ ኪስ የለውም። ስለዚህ ቦርሳ ያስፈልጋል እንበል። የትኛው?

መጀመሪያ ክፍሎቹን እዩ። በአንድ ኪስ ሁለት ብዕር የሚያስገባውን ተዉት፤ የአንዱ መሰኪያ የሌላውን ገላ ይፍቃል። የድሮ የኤቦናይት ብዕር ያላችሁ ደግሞ ከብር ከተሠራው ብዕር አርቁት። ኤቦናይት የሚሠራው ጎማን በድኝ በማጠንከር ነው፤ ድኙም ብሩን ያጠቁረዋል። ቀጥሎ ስፋቱን። ሞንብላን 149ን የመሰለ ወፍራም ብዕር ለቀጭን በተሰፋ ክፍል ውስጥ በግድ ይገባል፤ ስታወጡት ክዳኑ ብቻውን እጃችሁ ላይ ይቀራል። ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ብዕር ይዛችሁ ሂዱ፤ አስገብታችሁ፣ ዘግታችሁ፣ በአውራ ጣት ከላይ ጫን በሉት። ቆዳው ከጎበጠ ከመጻሕፍት ጋር ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስቡት። ጥቅልሉ ያምራል፣ ዋጋውም አይጎዳም፤ ግን ከጭረት እንጂ ከጫና አያድንም። ቤት ውስጥ ለሚቀመጥ ብዕር ይበቃል።

ስለ አውሮፕላን ሳላነሣ አላልፍም፤ የእኛ ሰው ጣጣ እዚያ ላይ ነውና። በበረራ ላይ መንገደኛው የሚቀመጥበት የአውሮፕላኑ ጓዳ አየር ይሳሳል፤ ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ይሆናል። ብዕሩ ውስጥ ያለው አየር ያን ጊዜ ይለጠጥና ቀለሙን በምላሱ በኩል ይገፋዋል። ቦሌ ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ስለሆነ ከዋሽንግተን ግማሽ ሞልታችሁ ይዛችሁት የተነሣችሁት ብዕር ያለቅሳል። ከአዲስ አበባ ስትነሡ ግን የጓዳው አየር ከቦሌው ያን ያህል አይለይም፤ እንደ 787 ባሉት አዳዲስ አውሮፕላኖችማ ጓዳው ከ1,800 ሜትር ብዙም አያልፍም፣ ከቦሌ ይልቅ አየሩ የጠበቀ ነው። መንገድ ላይ ዝቅ ያለ ከተማ ካረፋችሁና እንደገና ከተነሣችሁ ብቻ ጣጣው እንደ አዲስ ይጀምራል። መፍትሔው ብዕሩን ጢም አድርጎ መሙላት ወይም ባዶውን መያዝ፣ ደግሞም ምላሱን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ነው። ቆሞ የማይቀመጥ መያዣ ለመንገደኛ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

የእኔ ምርጫ ሦስት ብዕር የሚይዝ፣ ውጪው ጠንካራ የላም ቆዳ፣ ውስጡ ለስላሳ የበግ ቆዳ የሆነ፣ ከላይ የሚከፈት ነው። የአገራችን የበግ ቆዳ ስስና ጠንካራ ስለሆነ በዓለም ለጓንት ይፈለጋል፤ ለገበር ከእሱ የሚሻል አላየሁም። እዚህ በመቶዎች ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት አገር ቤት ስትገቡ አንድ ጥሩ ቆዳ ሰፊ ፈልጉና አሰፉ። ወፍራሙን ብዕራችሁን ለልክ ስጡት፤ ክፍሉ ከብዕሩ አንድ ጣት ያህል ይርዘም፣ መቀመጫው ሰፋ ብሎ ይቁም በሉት። ቀብድ ስትከፍሉም ብዕሩን እዚያ አትተዉት፤ ልኩን ወረቀት ላይ ያስምርና መልሳችሁ ኪሳችሁ ላይ ሰኩት።