ማስተዳደር ሌላ፣ መምራት ሌላ

ሠርቶ ልጆቹን የሚያኖረውን ሰው «ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» እንለዋለን። «ቤተሰብ መሪ ነው» ሲባል ግን ብዙም አልሰማሁም። ሁለቱ ቃላት ለየቅል መሆናቸውን እኔ የተረዳሁት በሥራ ዘመኔ፣ ከአንድ የክትባት ማቀዝቀዣ አጠገብ ነው።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የፖሊዮና የኩፍኝ ክትባት ሙቀት ይጎዳዋል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ደግሞ በረዶ ከሠራ አይረባም። ስለዚህ የማቀዝቀዣው ሙቀት ጠዋትና ማታ፣ እሁድና በዓል ሳይቀር፣ በሩ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይመዘገባል።

በአንድ ጤና ጣቢያ የነበሩን ኃላፊ ወረቀቱን በየወሩ መጨረሻ ያስመጡ ነበር። ክፍት ቦታ ከተገኘ ቁጣ አለ፤ ሲደጋገም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይከተላል። ወረቀቱ ታዲያ ሁልጊዜ ሙሉ ነበር። 4፣ 4፣ 4፣ 4፤ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ። ሌሊቱን ሙሉ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት እንኳ 4! ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ሪፖርታቸው በሰዓቱ ይደርሳል፣ ደመወዛችንም አይዘገይም። ግን ያ የሞቀ ክትባት የሚሰጠው ለማን ልጅ ነበር?

በኋላ የተተኩት ሲስተር ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ማቀዝቀዣውን ከፍተው ቴርሞሜትሩን ያነባሉ። አንድ የፋሲካ ዕለት ጠዋት ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ብቅ ብለው ራሳቸው መዝግበው ፈረሙ። ሌላ ቀን አንዲት ጀማሪ ነርስ 9 ጽፋ እየተንቀጠቀጠች ስትነግራቸው «ደግ አደረግሽ፤ በይ ነይ አብረን እንይ» አሏት። ብልቃጦቹን እያነሱ ምልክቱን አሳዩን፤ በክቡ መሐል ያለው ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየጠቆረ ይሄዳል፣ የክቡን ቀለም ሲመስል ብልቃጡ ይወገዳል። ወር ሁለት ወር ሳይሞላ ወረቀታችን ተዥጎረጎረ፦ 3፣ 6፣ 5፣ 9። እኔ ያንን ዥጉርጉር ወረቀት ነበር የማምነው።

እኚህ ሲስተር ተረኛ መመደቡንም፣ ቀሪ መቁጠሩንም አልተዉም። ደግነት ብቻውን ክትባት አያቀዘቅዝም። የተለወጠው ነገር እውነቱን የተናገረ ሰው ከቁጣ ይልቅ እርዳታ ማግኘቱ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ይህንኑ ነገር በየቤቱ አያለሁ። «የቤት ሥራህን ሠርተሃል?» «አዎ።» «ደብተርህን አምጣ።» ልጆቻችን 4፣ 4፣ 4 መሙላት የሚለምዱት እንዲህ ነው። እንደ ጤና ባለሙያ ይበልጥ የሚያስፈራኝ የፈተና ውጤቱ አይደለም። የሒሳብ ውጤቱን የደበቀ ልጅ ነገ ሰው የነካው ዕለት ወይም ሕመም የተሰማው ዕለት ለማን ይናገራል?

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከ20 9 ያገኘበትን ወረቀት ሰጥቶኝ «እማማ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት» አለኝ። አብረን ቁጭ ብለን ስናየው ብዙውን የሳተው ክፍልፋይ ላይ ነው። እናቱ ከሥራ ደክማ እንደምትገባ፣ ቁጣዋም ከድካም እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እኔ የልጁ መደበቂያ መሆን አልፈልግም። እስከ እሁድ ራሱ እንዲነግራት ቀን ሰጥቼዋለሁ፤ እሷንም ለብቻዋ ጠርቼ «ሲነግርሽ መጀመሪያ ቁጭ በይ» ብያታለሁ።