የወንድሜን ሸክላ ፍለጋ ሃይት ጎዳና ላይ

ኦክላንድ፣ ልጄ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት የልጅ ልጄ ከጆሮዋ አንዱን ማዳመጫ ነቅላ እኔ ጆሮ ውስጥ ሰካችው። «እማማ፣ ይህን ስሚልኝ» አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አማርኛ ትናገራለች፤ «አንቺ» እና «እርስዎ» ላይ ግን ብዙም አትጨነቅም፤ እኔም አላስጨንቃትም። ከበሮው ገና ሁለት ሦስቴ እንደተመታ «ሳንታና ነው» አልኳት። ልጅቷ ጆሮዋን ማመን አቃታት። ጓደኞቿ «የድሮ» እያሉ የሚለዋወጡትን ዘፈን ነጠላ ለብሳ ቡና የምትቆላ አያቷ ከየት አወቀችው?

ደሴ ነው ያወቅሁት። በ1962 ዓ.ም. እኔም አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በዚያን ዘመን «የሰላም ጓድ» የሚባሉ አሜሪካውያን ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። ታላቅ ወንድሜን እንግሊዝኛ ያስተማረው አንዱ፣ ሰኔ ላይ ወደ አገሩ ሲመለስ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻና ሦስት ሸክላዎች ትቶለት ሄደ። አንዱ የክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል ነው። ሁለተኛው ጃኒስ ጆፕሊን «ቢግ ብራዘር» ከተባለው ባንድ ጋር የዘፈነችበት፣ ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር በካርቱን የተሞላው «ቺፕ ትሪልስ» ነው። ሦስተኛው የሳንታና የመጀመሪያው ሸክላ ሲሆን ሽፋኑ ላይ የሚያገሣ አንበሳ ተሥሎበታል። ልብ ብሎ ላየው የአንበሳው ፊት በሰዎች ፊት የተሠራ ነው። እናታችን ግን ያየችው አንበሳውን ብቻ ነው። «ይህስ የጃንሆይ ነው» ብላ ከሌሎቹ ለየችና በነጭ ጨርቅ ሸፍና ሳጥን ላይ አስቀመጠችው። ወንድሜ ስቆ ዝም አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና የልጅ ልጄ ልውውጥ ገባን። እሷ አንድ የዘመኗን ታሰማኛለች፤ እኔ አንድ የዘመኔን ስጠራላት ስልኳ ላይ ፈልጋ ታወጣዋለች። እውነቱን ለመናገር የእሷን አብዛኞቹን አልወደድኳቸውም። እሷም ብትሆን ክሪደንስን «የገበሬ ዘፈን» ብላዋለች። ጃኒስ «ሰመርታይም»ን ስትዘፍን ግን ስልኳን አስቀምጣ አዳመጠች። ይህን ዘፈን ጆርጅ ገርሽዊን እ.ኤ.አ. በ1935 ለቀረበው ኦፔራው የደረሰው እሹሩሩ ነው። (የአሜሪካውን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ ነው የምጽፈው።) ጃኒስ ስትዘፍነው ልጁም እናቲቱም አብረው የሚያለቅሱ ይመስላል። ደሴ ሳለን እኔና ወንድሜ ቃላቱን ሳናውቅ ነበር የምንወደው። እንግሊዝኛ የሚመስል የራሳችንን ቃል እየፈጠርን አብረናት እንጮህ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ልጅቷ «ጃኒስ የኖረችበት ሠፈር እኮ ቅርብ ነው፤ እንሂድ» አለችኝ። እናቷ ወደ ሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ጎትታ፣ «እማዬ፣ የዚያን ሠፈር የዕፅ ወሬ እንዳታበዢባት» ብላኝ ሄደች።

በባሕሩ ሥር በሚያልፈው ባቡር ሳን ፍራንሲስኮ ገባን፤ ከዚያ በ7 ቁጥር አውቶቡስ ወደ ሃይት ጎዳና። ሐምሌ ነው። ኦክላንድ ላይ ፀሐይ ነበረ፤ እዚህ ግን ጉሙ ጣሪያ ላይ ተኝቷል፤ ብርዱ ጣርማ በርን አስታወሰኝ። ካሊፎርኒያ ሙቀት ነው ያሉኝን ሁሉ በልቤ ረገምኳቸው። ነጠላዬን ደርቤ ሃይት እና አሽበሪ ከሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ቆምን። ሰው ሁሉ የመንገዱን ስም ሰሌዳ ፎቶ ያነሣል።

ቤቶቹ ያምራሉ። ከእንጨት የተሠሩ፣ መስኮታቸው ወደ ውጭ ያበጠ፣ በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ናቸው። በ1906 መሬት ተንቀጥቅጦ ከተማዋ ስትቃጠል እሳቱ እዚህ ስላልደረሰ ተረፉ። በኋላ ሠፈሩ እያረጀ ሄደ፤ በመካከሉ ፈጣን መንገድ ሊያልፍ ነው ስለተባለም የቤቶቹ ዋጋ ወረደ። ነዋሪው ታግሎ መንገዱን በ1966 አስቀረ። እስከዚያው ግን ኪራዩ ርካሽ ስለነበር ተማሪውና ሙዚቀኛው ገብቶበታል። አሽበሪ 710 ቁጥር ግሬትፉል ዴድ የሚባለው ባንድ አብሮ ይኖርበት የነበረ ቤት ነው። እነ ጀፈርሰን ኤርፕሌን ደግሞ ትንሽ ወረድ ብሎ ከትልቁ መናፈሻ ፊት ለፊት ነበሩ። ዛሬ እዚያ ቤት መከራየት ለልጄም አይሞከርም።

የልጅ ልጄ አበባን በፀጉር ስለመሰካት የሚያወራውን የስኮት መኬንዚን ዘፈን ከፈተችልኝ። የዚህችን ከተማ ስም በዓለም ያዞረው ይህ ዘፈን ነው፤ የጻፈው ግን ጆን ፊሊፕስ፣ በጁን 1967 ለተካሄደው የሞንቴሬ የሙዚቃ ድግስ ማስተዋወቂያ እንዲሆን ጭምር ነው። እኔ ይህን ዘፈን ስሰማ የሚታየኝ አደይ አበባ የያዙ የእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ናቸው፤ ስለዚህ ማስታወቂያ መሆኑን ባውቅም አልጠላውም።

ያን ወቅት እነሱ «የፍቅር በጋ» ይሉታል። በእኛ አቆጣጠር እንኳ ክረምት ነው። እስከ 100,000 የሚገመቱ ወጣቶች ከየግዛቱ ወደዚህች ጠባብ ሠፈር ጎረፉ። አብዛኞቹ ገንዘብም ማደሪያም አልነበራቸውም። ከኋላቸው ደግሞ ወላጆች መጡ። የልጃቸውን ፎቶግራፍ ይዘው እዚሁ ጎዳና ላይ መንገደኛውን ሁሉ «አይታችኋታል? አይታችሁታል?» የሚሉ እናትና አባቶች ነበሩ።

እዚህ ላይ ቢትልሶች በዚያው ዓመት ያወጡትን «ሺ ኢዝ ሊቪንግ ሆም» የሚለውን ዘፈን እንድትከፍትልኝ ጠየቅኳት። ሎንዶን ውስጥ ከቤቷ ስለጠፋች አንዲት ልጅ ከተጻፈ የጋዜጣ ዜና የተነሣ ዘፈን ነው። ጊታርም ከበሮም የለበትም፤ በገና የመሰለ መሣሪያና የቫዮሊን ቤተሰብ ብቻ ያጅበዋል። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ስሰማው የልጅቷ ወገን ነበርኩ፤ ወላጆቿ የሚያሰሙት እሮሮ ያስቀኝ ነበር። አሁን የእነሱ ድምፅ ሲመጣ ማዳመጫውን አውጥቼ መለስኩላት። «ምነው እማማ?» አለች። «ብርዱ ነው» አልኳት።

ክሌይተን ከሚባለው መንገድ ጋር በሚገናኘው ማዕዘን ላይ በጁን 1967 አንድ ነጻ ክሊኒክ ተከፍቶ ነበር። ዴቪድ ስሚዝ የተባለ ወጣት ሐኪም ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ፣ እግሩ የቆሰለውንም ዕፅ አእምሮውን ያዞረበትንም ያለ ክፍያ ያክም ነበር። ሠላሳ ዓመት በነርስነት የሠራሁ ሰው ነኝና ከዘፋኞቹ ቤት ይልቅ እዚህ ብዙ ቆየሁ። የዕፁን ወሬ ያነሣችውም እኔ ሳልሆን ልጅቷ ናት። «ጃኒስ የሞተችው በሄሮይን ነው አይደል?» አለችኝ። ልጄ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ግን የጠየቀን ልጅ ምን ብዬ ላታልል? አዎ አልኳት፤ በኦክቶበር 1970፣ በ27 ዓመቷ፣ ሆቴል ውስጥ ብቻዋን። ሄሮይን መተንፈስን እንዴት እንደሚያቆም፣ እንደማውቀው፣ ሳላሳምር ነገርኳት። ጂሚ ሄንድሪክስም ከእሷ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይቀድም በዚያው ዕድሜ ነው የሞተው። የፍቅሩ በጋም ሩቅ አልሄደም፤ በኦክቶበር 1967 የሠፈሩ ሰዎች ራሳቸው የሬሳ ሣጥን ተሸክመው «ሂፒ ሞተ» ብለው ቀብር አስመስለው ዞረዋል።

ጎዳናው ሊያልቅ ሲል አሜባ የሚባለው ትልቅ የሸክላ መሸጫ አለ። ድሮ ቦውሊንግ መጫወቻ ስለነበር አዳራሽ ያህላል። የዘንድሮ ልጆች ሸክላ መግዛት ጀምረዋል፤ የልጅ ልጄም ማጫወቻ አላት። «ኤስ» ከሚለው ፊደል ሥር አንድ በአንድ እየገለበጠች ስትፈልግ አንበሳው ብቅ አለ። አፉን እንደከፈተ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት ያየሁት ፊት ሁሉ እዚያው አለ። ዋጋውን ሳልጠይቅ ገዛሁት።

ከሱቁ ፊት ለፊት መናፈሻው ይጀምራል። ሂፒ ሂል የሚሉት ጉብታ ላይ ነጠላዬን አንጥፈን ተቀመጥን። ከታች በርካታ ሰዎች ከበሮ ይመታሉ፤ ሽበታሞችም ልጆችም አሉበት። ስለ ካርሎስ ሳንታና የማውቀውን አወራኋት። ሜክሲኮ ውስጥ የቫዮሊን ተጫዋች ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ እዚህች ከተማ መጥቶ ምግብ ቤት ሳህን አጠበ፤ ይህ ሸክላው ለገበያ ሳይወጣ በኦገስት 1969 ዉድስቶክ ላይ ተጫውቶ ዓለም አወቀው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው «ጂንጎ» ደግሞ የናይጄሪያዊው ከበሮ መቺ የባባቱንዴ ኦላቱንጂ ዘፈን ነው። የአፍሪካ ከበሮ አሜሪካ ደርሶ፣ በሜክሲኮ ልጅ ጊታር ታጅቦ፣ በአስተማሪ ሻንጣ ደሴ ገባ ማለት ነው። ወንድሜ ለዚህ ዘፈን ሲጨፍር አንድ ቀን የጣውላው ወለል ተናውጦ መርፌው ሸክላውን ጫረው። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ እዚያ ቦታ ሲደርስ ይዘላል። እኛም ከነዝላዩ ለመድነው፤ ስንጨፍርም እዚያው ላይ አብረን እንዘል ነበር።

ልጅቷ ስቃ፣ «ታዲያ የእሱ ሸክላ አሁን የት አለ?» አለችኝ።

«ተቃጠለ» አልኳት።

«ማን አቃጠለው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወሬ አዞር ነበር። «እኔ» አልኳት።

በ1970 ዓ.ም. ወንድሜ 26 ዓመቱ፣ አስተማሪ ነበር። አንድ ማታ አሰሳ ሊመጣ ነው ተባለ። እናቴ ማንበብ ስለማትችል መጻሕፍቱንና ሸክላዎቹን ሥዕላቸውን እያየች ለየች፤ የፈረንጅ መልክ ያለበትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረች። አንበሳው ላይ ስትደርስ ቆመች። የንጉሥ አንበሳ ያኔ ሌላ ጉድ ነበር። «አንቺ ጣይው፤ እጄ እምቢ አለኝ» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ። ሸክላ ሲቃጠል ጭሱ ጥቁር ነው፤ ሽታው ከቤት ሳምንት አይወጣም። እንዲህም አድርገን ወንድሜን ወሰዱት። እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ጠዋት «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏት። ከዚያ ሌላ የነገራት የለም። መቃብሩን አናውቅም።

የልጅ ልጄ ሣር እየነጨች ሰማችኝ። ያለቀሰችም የመጣችና ያቀፈችኝም አይደለም። «ሃያ ስድስት» አለች ቆይታ፤ «ከጃኒስ በአንድ ዓመት ያንሳል።» ከዚያ፣ «እማዬ ግን አጎቷ በተስቦ ሞተ ነው ያለችኝ» አለች።

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኳት። ሕፃን ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ ማስተካከያው ጊዜ አለፈብኝ።»

መልስ አልሰጠችኝም። አንበሳውን ከነከረጢቱ ጉያዋ ሥር አድርጋ እስከ ኦክላንድ ያዘችው።

ማታ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠችው። መርፌው ሲያርፍ የሚሰማው ያ ትንሽ ቅጭልጭልታ እንኳ ድሮ እንደማውቀው ነው። «ጂንጎ» ጀመረ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሥቼ ያንን ቦታ መጠበቅ ጀመርኩ። ከበሮው ቀረበ፣ ደረሰ፤ እግሬም ለመዝለል ተዘጋጀ። ዘፈኑ ግን አልዘለለም። ወንድሜ የጫራት ያቺ ቦታ ላይ፣ ከዚያች ቀን ወዲህ ያልሰማኋት ትንሽ የከበሮ ምት ነበረች።

የበሩ ቁልፍ ዞረ። ልጄ ከሥራ ገባች፤ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «ምን ጉድ ነው ይህ? ጎረቤት አይተኛም እንዴ?» አለች። የልጅ ልጄ ድምፁን ቀነሰችና ዞራ አየችኝ።

«ጫማሽን አውልቂና ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት ልጄን።