በሊትር ስንት ትሄዳለች?

ወንድ ልጅ ደመወዙን ሲጠየቅ ይቀንሳል፤ ዕድሜውን ሲጠየቅ ያድበሰብሳል፤ መኪናው በሊትር ስንት እንደምትሄድ ሲጠየቅ ግን ዐይኑን ሳያሽ ይዋሻል። እኔም ከዚሁ ወገን ነኝ። አሮጌዋን ኮሮላዬን ከገዛሁ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ "በሊትር 16" እል ነበር። ቁጥሩን ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። ምናልባት ያገናኘን ደላላ ይሆናል። ለካ እኔም ያለ ኮሚሽን ስደልል ኖሬያለሁ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ አንድ ነገር እነግራቸው ነበር፤ ሙገሳ ስታነቡ መጀመሪያ አሞጋሹን ማን እንደሚያበላው ጠይቁ እል ነበር። የመኪና መግለጫ ወረቀትም ሙገሳ ነው። እዚያ ላይ የሚሰፍረው የነዳጅ ፍጆታ የሚለካው መንገድ ላይ እንዳይመስላችሁ። ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ መኪናዋ ከቦታዋ ሳትነቃነቅ ጎማዋ ብቻ እየዞረ ነው። አውሮፓውያን ለብዙ ዓመት የሠሩበት ኤንኢዲሲ የሚባለው መለኪያ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም ነበር። ዳገት የለውም፤ ኤሲ አይከፈትበትም። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት ወረቀቱን ከመንገዱ ጋር ሲያስተያይ፣ ልዩነቱ በ2001 እ.ኤ.አ. 9 በመቶ የነበረው በ2015 እ.ኤ.አ. 42 በመቶ ደርሶ ተገኘ። መኪኖቹ ከፍተው አይደለም፤ አምራቾቹ ፈተናውን አጥንተውት ነው። ትምህርቱን ትቶ የዓምናን ጥያቄ የሚሸመድድ ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ! ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደብልዩኤልቲፒ የተባለ ጠንከር ያለ ፈተና መጥቷል። ያም ሆኖ የጨንቻ ዳገት በየትኛውም ፈተና ላይ አልወጣም።

እኛ አገር ጥያቄው የጉራ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ ተብሎ ስንት ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። በመካከሉ፣ በጥር 2016 ዓ.ም.፣ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ ጠንከር ያለ የቤተሰብ መኪና የሚፈልግ ባለ ገንዘብ ምርጫው ሁለት ሆኗል፤ ወይ ቀድሞ ከገቡት ፕራዶዎች አንዱን በእሳት ዋጋ ይገዛል፣ ወይ ኤሌክትሪክ ያስገባል። በባለቤቴ ዘመዶች ቤት ሁለቱም አሉ። ወንድሟ ባለ 2.7 ቤንዚን ፕራዶ አለው። የእህቷ ልጅ ደግሞ አይዲ ሲክስ የምትባለዋን፣ ቻይና ውስጥ ለቻይና ገበያ የምትሠራውን ባለ ሦስት ረድፍ ፎልክስቫገን ገዝቷል። አንድ እሑድ ሁለቱ ሲከራከሩ ቡናው ቀዘቀዘ። አንዱ "በሊትር 11"፣ ሌላው "በአንድ ቻርጅ 588 ኪሎ ሜትር" ይላል። እኔም ከጥግ "16" አልኩ።

ባለቤቴ የጨንቻ ልጅ ናት። አባቷ ዕድሜያቸውን ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ ኖረው ያረፉ ናቸው፤ እናቷ አሁንም ጨንቻ ናቸው። የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ የትም ይሥራ የት፣ ለመስቀል፣ ለዮ ማስቃላ፣ አገሩ ይገባል። ሽሮ ሜዳ በዚያ ሰሞን ከሸማ ሠሪ ጭር ትላለች። እንግዲህ በ2018 ዓ.ም. መስቀል ሦስታችንም በየመኪናችን ስለምንወርድ ክርክሩን መንገድ ይፍረደው ተባለ። ዳኛ እኔ ሆንኩ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አዲስ አበባ አፍ እስካፉ ሞልቶ መነሣት፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ ሶዶ ሲደርሱ እንደገና አፍ እስካፉ መሙላት፣ የገባውን ሊትር መጻፍ። ነዳጅ የሚከፈለው በቴሌብር ስለሆነ ደረሰኙ ስልክ ላይ ይቀራል፤ ደረሰኝ ደግሞ ጉራ አያውቅም።

ፕራዶው ከኛ ሳምንት ቀድሞ፣ ሰባት ሰው ጭኖ ወረደ። እስከ ሶዶ 330 ኪሎ ሜትር፣ 47 ሊትር። በሊትር 7 ማለት ነው። "ጣሪያው ላይ ዕቃ ስለነበረ ነው" አለ በስልክ። እውነቱን ነው፤ ፖርቶመጋላ ላይ የታሰረ ፍራሽ ነፋስ ይጎትታል። ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ የሚነሣ ቱርቦ የሌለው ሞተር አየሩ ስስ ስለሚሆንበት ከጉልበቱ አምስተኛ ያህሉን እቤቱ ትቶ ነው የሚወጣው፤ ሹፌሩም ያንኑ ለማካካስ እግሩን ያከብዳል። ብቻ 11 የት፣ 7 የት!

የኔ ተራ ደረሰ። 330 ኪሎ ሜትር፣ 23 ሊትር። በሊትር 14 ከምናምን። ውሸቴ ከሁሉም ያነሰ ነው ብዬ ደረቴን ልነፋ ስል ባለቤቴ የሶዶው ሆቴል ጠረጴዛ ላይ ማስታወሻዬን ሳብ አደረገችና፣ "ፕራዶው ውስጥ ስንት ሰው ነበር?" አለችኝ። ሰባት። "እኛስ?" ሁለት። 47 ለሰባት 6.7፤ 23 ለሁለት 11 ተኩል። "ታዲያ ማን ነው ነዳጅ የሚበላው?" አለች። ሃያ ዓመት ቆጣቢ ነኝ ስል፣ ለካ ባዶ ወንበር ሳጓጉዝ ኖሬያለሁ። ስድሳ ሰው የጫነ አውቶቡስ በሊትር 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር አይደርስም። ይህን የመኪና ክርክር ላይ ማንም አያነሣውም።

የእህቷ ልጅ አምስት ሰው ይዞ ከኛ ጋር ነበር። ሶዶ ሲደርስ ባትሪው 25 በመቶ ቀርቶታል። ባትሪዋ 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለምትይዝ ያቃጠለው 64 ያህል ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን በውስጡ 9 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው፤ ስለዚህ ልጁ አምስት ሰው ያመጣው በሰባት ሊትር ቤንዚን ልክ ነው ማለት ይቻላል። አውቶቡሱንም በለጠው! የወረቀቱ 588 ግን በመንገድ 440 ሆኗል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሌሊቱን ከሆቴሉ ግድግዳ ሶኬት ሰክቶ ማደሩ ነው። የቤት ሶኬት 10 አምፔር በ220 ቮልት፣ 2.2 ኪሎ ዋት ነው። ባዶ ባትሪ በዚያ ለመሙላት ሠላሳ ስምንት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራት ካልጠፋ። "ጋሼ፣ ስልክ ቻርጅ እንደማድረግ ነው" ብሎኝ ነበር። አዎ፣ ዝሆን የሚያህል ስልክ።

በማግስቱ ሲቀላ ደረስን። ከታች ዓባያና ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፤ ከላይ ሴቻ። ለኮሮላዬ ዳገቱን ፈርቼላት ዘመድ ግቢ አቆምኳትና በኤሌክትሪኳ ወጣን። አርባ ምንጭ ከባሕር ወለል 1,285 ሜትር ላይ ናት፤ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ ከዚያ በ1,400 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። ሁለት ቶን መኪና ያን ያህል ከፍታ ለማንሣት ብቻ ወደ ሦስት ሊትር ቤንዚን ይጠይቃል፤ ርቀቱ ሌላ ሒሳብ ነው። እኔ ዐይኔን ከቁጥሩ ላይ አልነቀልኩም፤ ሲቀላ 36 የነበረው ጨንቻ 16 ሆነ። ስንደርስ መብራት የለም። ጉሙ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ተኝቷል።

ፕራዶው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ወንድሟ በሳምንቱ ውስጥ እንግዳ ይዞ ኮንሶ ደርሶ መጥቷል፤ ጨንቻና አርባ ምንጭ ሲመላለስ ሰንብቷል። ሶዶ የሞላው ታንከር አልቋል። ማደያዎቹ ዘንድ ቤንዚን ስላልነበረ መንገድ ዳር በሃይላንድና በጀሪካን ከሚሸጡት ገዝቶ ቀድቷል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ስትነሣ ትስላለች፤ ጭሷም ይሸታል። ላምባ ቀላቅለውበት ነው። ሚሊዮኖች የሚያወጣ መኪና በጀሪካን ላምባ ሲታመም ማየት ያሳዝናል፤ ትንሽም፣ አልዋሽም፣ ደስ ይላል።

ደስታዬ አልቆየም። በሁለተኛው ሌሊት፣ ሦስት ሰዓት አካባቢ፣ አማቴ ትንፋሽ አጠራቸው። የቆየ አስም አለባቸው፤ የደመራው ጭስና ብርዱ ተባብሮ ነው መሰለኝ። ከንፈራቸው ጠቆረ። ወንድሟ ሮጦ ፕራዶውን አስነሣ፤ ሳለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ጠፋች። ደግሞ አስነሣ። ደግሞ ጠፋች። እማማ ደጃፍ ላይ በጋቢ ተጠቅልለው ቆመዋል። ፕራዶዋ ብትነሣም እኮ ያለ ዱካ አይወጡባትም፤ ቀን ቀን ለጉብኝት ሲሄዱ ዱካ እየተደረገላቸው ነበር። ይህን ያህል ረጅም መኪና ለምን ተሠራ ብዬ ያሰብኩት ያኔ ነው።

"በኔ እንሂድ" አለ ልጁ።

"16 በመቶ ነው ያለህ" አልኩት። ዳኛ ነኛ፤ ሒሳቡን አውቃለሁ። ስንወጣ 20 በልታለች። መንገድ ላይ ብትቆም፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ጠመዝማዛ…

"ጋሼ፣ ቁልቁለት እኮ ነው" አለኝ።

የኋላውን ወንበር አጥፈን ፍራሽ አነጠፍን፤ እማማ ግን መተኛት እንቢ አሉ፣ አስም ያለበት ሰው ሲተኛ ይብሳል። ልጃቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። ባለቤቴ ጀርባቸውን እያሻሸች፣ እኔ ፊት ወንበር ላይ ቁጥሩን እያየሁ ወረድን። መኪናዋ ድምፅ የላትም፤ የሚሰማው የእማማ ትንፋሽ ብቻ ነው። በዚያ ምሽት ሞተር ቢጮህልኝ እንዴት በወደድኩ! 16። ልጁ ፍሬን አይነካም፤ እግሩን ከነዳጁ፣ ማለቴ ከፔዳሉ፣ ባነሣ ቁጥር ሞተሩ ራሱ መኪናዋን እየያዘ ጉልበቱን ወደ ባትሪው ይመልሳል። 17። ዓይኔ ነው ብዬ ተውኩት። 18። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ 20 ሆኖ ነበር፤ ሜዳው ላይ አንዷን መልሳ በላች። 16 ብላ ተነሥታ 19 ብላ አርባ ምንጭ ገባች። ዳገት ላይ የበላችውን በሙሉ አይደለም የመለሰችው፤ ከመለሰችው ይልቅ ያልመለሰችው ይበዛል። ቢሆንም ቤንዚን ቀድቶ ቁልቁለት የወረደ መኪና ታንከሩ ሞልቶ አይቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ።

ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ሊነጋጋ ሲል ከንፈራቸው ቀላ። "እህል ቀመሳችሁ?" አሉን መጀመሪያ።

ለመመለሻው መኪና መምረጥ ከዚህ የባሰ ሆነ። ልጁ ሲቀላ ዘመድ ቤት በመስኮት ኤክስቴንሽን አስገብቶ ሰካ፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዳ መጣች፤ በማግስቱ 38 ደረሰ። በዚያ እማማን ወደ ጨንቻ ማድረስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ሶዶ የሚያወጣው አይቀረውም፤ ሰኞ ደግሞ ሥራ መግባት አለበት። ፕራዶዋ ታንከሯ እስኪታጠብ መካኒክ ትጠብቃለች። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ኮሮላዬ ውስጥ ሶዶ የሞላሁት ቤንዚን አለ፤ ከሶዶ ወዲህ 120 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄደችው። እማማ የፊቱን በር ከፈቱ፣ ዞር ብለው ቁጭ አሉ፣ እግራቸውን አስገቡ። ዱካ የለም፣ ድጋፍ የለም። "ይቺ ደኅና ናት፤ ሰው ታስቀምጣለች" አሉ። ከኋላ ባለቤቴ፣ አስታማሚ እንድትሆን የተላከች የዘመድ ልጅ፣ በመካከላቸው የመድኃኒቱ ፌስታልና አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ። በሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም በአንደኛ፣ ዳገቱን ተያያዝነው። ሆዷን ሁለት ቦታ ድንጋይ ነካት። ጨንቻ ልንደርስ ስንል የሙቀት መርፌው ከፍ ስላለ ቆመን አበረድናት፤ እማማ ከመንገዱ ዳር ከሚያልፈው ሰው ሁሉ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ።

ግቢው ውስጥ ሞተሩን ሳጠፋ ወንድሟ ከፕራዶው ኮፈን ሥር ብቅ ብሎ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "በሊትር ስንት ሄደች?" አለኝ።

"አልለካሁም" አልኩት።