ካበላሸሁትስ?

"ሆቢህ ምንድን ነው?" የምትባል ጥያቄ አለች። ሲቪ ላይ ትገባለች፣ ኢንተርቪው ላይ ትገባለች፣ አዲስ የተዋወቃችኋት ልጅም ትጠይቃችኋለች። አብዛኞቻችን "ማንበብ፣ ሙዚቃ መስማት፣ ፊልም ማየት" ብለን እንገላገላታለን። እኔ ግን እውነቱን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ሆቢዬ ትልልቅ ነገሮችን አሳንሶ መሥራት ነው። አውሮፕላን፣ ታንክ፣ ሲኖትራክ… በመዳፍ ልክ።

"ማለት… መጫወቻ?"

እሺ፣ መጫወቻ እንበለው። ዛሬ የማወራችሁ እንግዲህ መጫወቻ ስለመወደዱ ነው። ዘይትና ጤፍ እሳት በሆነበት ሀገር ይሄ ደግሞ ምን ወሬ ነው እንዳትሉኝ። እመጣበታለሁ፤ ብቻ ትንሽ ታገሱኝ።

የዚህ ሆቢ ሰዎች የሚግባቡት በቁጥር ነው። 1/72 ካሉ እውነተኛው ነገር 72 ጊዜ አንሷል ማለት ነው፤ 1 ሜትር ከ44 የነበረው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለታንክና ለወታደር መኪና ደግሞ 1/35 የተለመደ ነው። ይሄ 35 ከየት መጣ? የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ፓንተር የተባለውን የጀርመን ታንክ ሞዴል ሲሠራ፣ ሆዱ ውስጥ ሞተርና ባትሪ መግባት ነበረበት። ባትሪው እንዲገባ ተብሎ የተወሰነው መጠን ሲለካ 1/35 ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚከተለውን ልክ የወሰነው ባትሪ ነው ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ሮቤ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ሆቢው ሲጀመር የድሃ ልጅ ነበር። የእንግሊዙ ኤርፊክስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጎልደን ሃይንድ የተባለች መርከብ ሞዴል አውጥቶ በዎልዎርዝ ሱቆች በ2 ሺሊንግ ሸጠ። 2 ሺሊንግ የዚያን ጊዜው ፓውንድ አንድ አሥረኛ ነው። ልጅ በኪስ ገንዘቡ ይገዛል፣ ቤት ወስዶ በኮላ ያጨማልቀዋል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ይገዛል። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህች ርካሽነት ላይ ነበር።

ዛሬ ያ ልጅ ሽማግሌ ሆኗል። ልጅ ልጁ ስልክ ላይ ነው። ፕላስቲኩ ራሱ ያን ያህል ውድ አይደለም፤ ውዱ ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ነው። የዚያ ብረት ወጪ በሚሸጠው ሣጥን ብዛት ይካፈላል። ገዢ ሲያንስ የእያንዳንዱ ሣጥን ድርሻ ይከብዳል። ኤርፊክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1981 ከስሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ፣ በ2006 ሆርንቢ የሚባለው የአሻንጉሊት ባቡር ኩባንያ ገዛው። የፈረንጅ ሆቢስቶች ስለዋጋ ማማረር ከጀመሩ ቆይተዋል።

የእኛ ምሬት ግን ሁለት ፎቅ አለው። በዶላር ይወደዳል፣ ከዚያ ደግሞ ዶላሩ ይወደዳል። 30 ዶላር የሚያወጣ አንድ ሞዴል እንውሰድ። ዶላር 8 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ በነበረበት በ1990ዎቹ አጋማሽ 258 ብር ይሆን ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሣ፤ ያቺው ሣጥን በ57 ሲመነዘር 1,710 ብር ናት። በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ በ2017 መገባደጃ ደግሞ ከ130 በላይ ነበር። በ130 አስሉት፦ 3,900 ብር። የማጓጓዣው፣ የቀረጡ፣ የ15 በመቶው ቫት ገና አልተጨመረም። በዚያው በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር አድጎ ነበር። አንድ ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን፣ የአንድ ሰው ወር ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረው። ስለዚህ እኔ ሣጥን መግዛት ትቻለሁ፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ አስቸግራለሁ፣ ከሌለ አርፌ እቀመጣለሁ።

አርፎ መቀመጡን እችላለሁ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። እኔ ይህንን ነገር የተማርኩት ከሣጥን አይደለም፤ ሮቤ ነው። እዚያ ደግሞ ሆቢው ዶላር ቀርቶ ሳንቲምም አይጠይቅም ነበር።

ባሌን የማያውቅ ሰው ባሌ ሲባል ቀይ ቀበሮ፣ ሳነቴና 4,377 ሜትር ላይ የቆመው ቱሉ ዲምቱ ናቸው የሚታዩት። የሮቤ ልጅ ግን ሌላ እንስሳ ያያል፤ ኮምባይነር። ሮቤ የስንዴና የገብስ ሀገር ነች። በአዝመራ ሰሞን ኮምባይነሩ በሎቤድ ተጭኖ ሲገባ፣ ወይም አስፋልቱን ሞልቶ በራሱ ሲንቀሳቀስ ልጅ ሁሉ ከኋላው ነው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆች የሽቦ መኪና ሲሠሩ እኛ የሽቦ ኮምባይነር እንሠራ ነበር።

አሠራሩን ልንገራችሁ። አካሉ ከዘይት ቆርቆሮ ይወጣል። አጽሙ ሽቦ ነው። የፊት ሁለቱ ትልልቅ ጎማዎች ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ይቆረጡና ጥርሳቸው በጋለ ምስማር ይወጣል። ፊት ለፊቱ ያለው፣ ስንዴውን እየጠቀለለ ወደ ማጭዱ የሚስበው መንኮራኩር ደግሞ በስድስት የቀርከሃ ስንጥር ይሠራል፤ ቀርከሃው ከጎባ ወዲያ፣ ከሪራ በኩል ይመጣል። መንኮራኩሩ እንዲዞር ካላማዳሪያ በቀጭኑ ይቆረጥና ከጎማው ዘንግ ወደ መንኮራኩሩ ዘንግ ይወጠራል። እዚህ ላይ ነው ጥበቡ። እውነተኛው ኮምባይነር ላይ ያ መንኮራኩር መኪናው ከሚሄድበት ትንሽ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ አለዚያ ስንዴውን ወደ ውስጥ አይስብም፣ ወደፊት ይገፋዋል። ስለዚህ ጎማው ዘንግ ላይ ወፍራም የክር ማጠንጠኛ፣ መንኮራኩሩ ላይ ቀጭኑ መግባት አለበት። ይህንን ፊዚክስ ያስተማረን መምህር የለም። አንዱ ልጅ አድርጎት አየን፣ እኛም አደረግነው።

ልኩስ? የነጠላ ጫማ ሶል ከስፋቱ በላይ ክብ አያወጣም፤ የሚያወጣው በግምት 9 ሳንቲ ሜትር ነው። የእውነተኛው ኮምባይነር የፊት ጎማ የሰው ቁመት ያህላል። ስታካፍሉት 1/20 አካባቢ ይመጣል። የታሚያን ልክ ባትሪ ወሰነው፤ የሮቤን ልክ ነጠላ ጫማ።

ባለፈው ክረምት ሮቤ ሄጄ የእህቴን ልጅ አገኘሁት። 13 ዓመቱ ነው። እጁ ከእኔ ይሻላል፣ ይህን የምለው አጎቱ ስለሆንኩ አይደለም። ደብተር አውጥቶ አሳየኝ። ኮምባይነር ከፊት፣ ከጎን፣ ከላይ፤ ቁጥር በቁጥር ተሞልቷል። ጎረቤት ግቢ የቆመ አንድ ኮምባይነር አለ፣ ዘበኛውን ለምኖ በገመድ ለክቶታል። ቀጥሎ ደግሞ "ፀሐይ" አለች፤ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዶ በጥር 2016 የመለሳት አውሮፕላን። እሷን ገና ከፎቶ እያየ እየሣላት ነው።

"የታለ የተሠራው?" አልኩት።

አልጋ ሥር ገብቶ አንድ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ አወጣ። በእርሳስ መስመር ተሠምሮበታል። አልተቆረጠም።

"ለምን አትቆርጠውም?"

"ካበላሸሁትስ ጋሼ? ሌላ የለኝም እኮ።"

ሌላ የሌለው ለምን እንደሆነ ቁጭ ብለን ቆጠርነው። ዘይት ዛሬ የሚመጣው በፕላስቲክ ጀሪካን ነው፤ ቆርቆሮው ከቤት ጠፍቷል። ያለቀ ነጠላ ጫማ ልዋጮቹ በዕቃ ይለውጡታል፣ እናቱ ደግሞ አንድ የፕላስቲክ ሣህን ትመርጣለች፤ ልክም ናት። ድሮ ጋራዥ በር ላይ ወድቆ የምናነሣው የላሜራ ቁርጥራጭ አሁን በኪሎ ተመዝኖ ለብረት ማቅለጫ ይሸጣል። ሽቦ? ሱቅ ነው፣ በኪሎ። የእኛ ሆቢ የቆመው ሰው በሚጥለው ነገር ላይ ነበር። አሁን ሰው የሚጥለው ነገር የለም። ኑሮ ሲወደድ መጀመሪያ ዋጋ የሚያወጣው ቆሻሻው ነው ለካ።

ወዳጆቼ፣ ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ሲጨምር የሚቀንሰው የምንሠራው ብዛት ብቻ ይመስለናል። ድሮ አምስት የሠራ ልጅ ዛሬ አንድ ይሠራል ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይደለም። ዛሬ ምንም አይሠራም፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው አራቱ ለማበላሸት ነበሩ። ቆርቆሮ መቁረጥ የሚለመደው ቆርቆሮ በመቅደድ ነው። መጀመሪያ ጠርዙ ይጣመማል፣ ቀጥሎ ስታጥፈው ይሰነጠቃል፣ በሦስተኛው መቀሱን ሳይሆን ቆርቆሮውን ማዞር እንዳለብህ እጅህ ያውቃል። ይሄ በደብተር አይገኝም። የተወደደው እንግዲህ ሞዴሉ አይደለም፣ ስሕተቱ ነው።

የሚገርመው፣ ገንዘብ ያላቸውም ያው በሽታ አለባቸው። የፈረንጅ ሆቢስቶች ገዝተው ሳይከፍቱ የሚደረድሩት የሣጥን ክምር የራሱ ስም አለው፤ "ስታሽ" ይሉታል። ዋጋው ሲንር ሣጥኑ ይከበራል፣ የተከበረ ሣጥን ደግሞ አይከፈትም። እዚያ በሣጥን፣ እዚህ በደብተር፤ ሁለቱም ጋ መቀሱ ተሰቅሏል።

አዲስ አበባ ልደታ ያለው የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት የተማረ ጓደኛዬ ይህን ስነግረው "ኮምፒውተር ላይ አይሠራውም?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ስሕተት ነፃ ነው። ኮንትሮል ዚ ትመታለህ፣ ቆርቆሮህ ይመለሳል። ግን መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የታለ? ሁለተኛ፣ ስክሪን ላይ ያለ ቆርቆሮ ታጥፎ ሲለቁት መልሶ ብቅ አይልም፤ የእውነተኛው ይላል። ያንን የሚያውቅ እጅ ነው ነገ ጋራዥ ውስጥ የኮምባይነሩን ሽፋን የሚጠግነው። ፋብሪካ በሌለበት ሀገር ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር "ፀሐይ"ን ሲገጣጥም፣ አብረውት የቆሙት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች እጅ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? አንድ ቦታ፣ አንድ ነገር አበላሽተው የተማሩ እጆች ናቸው።

አሁን ወደ ጤፉና ዘይቱ ልምጣ፣ ቃል ገብቻለሁና። እውነት ነው፣ እናት ሣህኑን ከኮምባይነሩ ብታስቀድም ማንም አይፈርድባትም። እኔም መንግሥት ለሽቦ መኪና ድጎማ ይመድብ የሚል ሰልፍ አልወጣም። የምለው ትንሽ ነገር ነው። ከተማ ውስጥ አሁንም የሚጣል ነገር አለ፤ ብቻ ልጆቹ ጋ አይደርስም። ማተሚያ ቤቶች አንዴ ያተሙበት ስስ የአሉሚኒየም ፕሌት አላቸው፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ አይዝግም። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ሴሚስተር ሲያልቅ የሚጥሉት የካርቶን ሕንፃ አለ። ብረታ ብረት ቤቶች ጋ ሚዛን የማይሞላ የሽቦ ጫፍ አለ። አንድ ትምህርት ቤት ጥግ ላይ አንድ ሣጥን ቢያስቀምጥ፣ ላዩ ላይም "ለማበላሸት" ብሎ ቢጽፍበት፣ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

እኔ ከአንድ ማተሚያ ቤት 20 ያገለገሉ ፕሌቶች በርካሽ ገዝቼ፣ በሮቤ አውቶቡስ ላክሁለት። ላያቸው ላይ በማርከር ጻፍኩበት፦ "አሥሩ የሚበላሹ ናቸው። አሥሩንም ሳታበላሽ ሌላ አልክም።"

በሳምንቱ ደወለ።

"ጋሼ፣ አራት አበላሸሁ።"

"ጎበዝ። የቀረህ?"

"ስድስት። ግን ጎማ የለኝም።"

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያለቀ ነጠላ ጫማ ያላችሁ ለልዋጭ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ የሰፈራችሁን ልጅ አስቡ። የቀኝና የግራ መሟላት የለበትም፤ ኮምባይነሩ አይለይም።