በአማካዩ ውስጥ የተሰወረች ቆቅ

በኮለምበስ ሞርስ ሮድ ላይ የኢትዮጵያውያንና የሶማሌዎች መደብሮች ጎረቤታሞች ናቸው። ነዋሪው ማን ከየት እንደመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ግን ሁሉንም «ጥቁር» በሚል አንድ ሣጥን ሲያጠቃልል ኖሮ፣ ከዚያ ሣጥን ሥር መነሻን ለይቶ መጻፊያ ቦታ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ያልተለየ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረም ሲጎድል አይታወቅም።

ይህ ሕግ በሰው ብቻ የተወሰነ አይደለም። በቦረና፣ በሜጋ ዙሪያ ባሉ ከፍታዎች፣ በጥድ ደን ውስጥ መሬት ለመሬት የምትኖር ጥቁር ግንባር ቆቅ አለች። ለሳይንስ የተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1930 ቢሆንም፣ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በባሌ ተራሮች የምትታወቀው የቀይ ማጅራት ቆቅ ንዑስ ዝርያ ተደርጋ ስትቆጠር ቆየች። የዘመዷ ደኅንነት የእርሷን አደጋ ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ግን ራሷን የቻለች ዝርያ እንደሆነች አሳየ፤ ዛሬ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ሰፍራለች። ወፏ አልተለወጠችም፤ የተለወጠው መቁጠሪያው ነው።

ይሁን እንጂ ስም በጀት አይሆንም። ጥዱ ለአጥርና ለቤት ምሰሶ ይቆረጣል፤ ቆቋ የምትሸሸግበትን ቁጥቋጦ ከብት ይግጠዋል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ፣ ከብቱ ያለቀበት ቤተሰብ ዓይኑን ወደ ደኑ ቢጥል አይፈረድበትም። የወፏ መትረፍ ጥቅሙ የዓለም ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን የሜጋ አርብቶ አደር ነው። ይህን ክፍተት ሳይሞላ የሚወጣ ክልከላ ጠባቂ እንጂ ደን አያበዛም።

አበው «ቆቅ ወዲህ፣ ምዝግዝግ ወዲያ» ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ የሚተከለው ችግኝ በቢሊዮን ይነገራል። ሌላ አውራጃ የበቀለ ችግኝ ግን በሜጋ የወደቀውን ነባር ጥድ አይተካም፤ ድምሩ ሲያድግ ቆቋ ቤት አልባ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ከባሕር ማዶ ለደን ልማት የሚያዋጣ ሰው «ስንት ተተከለ?» ከማለቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ የትኛው ደን ቆሞ ቀረ? ሳይቆርጠው ለቀረው ቤተሰብስ ምን ተከፈለው?